በጎንደርና በደጋማው አካባቢ የቤት ዋጋ የሚወሰነው በግድግዳው ወይስ በቦታው?

ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ወርኃዊ ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ባለሙያ በጎንደር ከተማ ቢመደብ ከምደባ ደብዳቤው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሚያድርበት ቤት ነው። ቤቱንም በአብዛኛው የሚያገኘው በደላላ በኩል፣ በአንድ ግለሰብ ግቢ ጓሮ በተሠራ ባለ አንድ ክፍል «ሰርቪስ» ውስጥ ነው። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ትዳር ሲይዝና የራሱን ቤት ማሰብ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል።

ይህን ስሌት በምሳሌ ማየት ይቻላል። ባለሙያው ከደመወዙ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም በወር 3 ሺህ 800 ብር ያህል፣ ለቤት ብድር መክፈያ ቢመድብና ብድሩን በ20 ዓመት ለመመለስ ቢዋዋል፣ ወለዱ 9 ነጥብ 5 በመቶ ከሆነ ሊሸከመው የሚችለው ብድር 408 ሺህ ብር ገደማ ነው። ሃያ በመቶውን አስቀድሞ ቆጥቦ ካቀረበ የሚገዛው ቤት ዋጋ 510 ሺህ ብር ይደርሳል። ወለዱ ወደ 16 በመቶ ከፍ ቢል ግን ያው ወርኃዊ ክፍያ የሚሸከመው ብድር ወደ 273 ሺህ ብር ያሽቆለቁላል፤ የቤቱም ዋጋ ከ341 ሺህ ብር አይዘልም። ለ510 ሺህ ብሩ ቤት በቅድሚያ የሚያስፈልገው 102 ሺህ ብርም ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ የዘጠኝ ወር ደመወዝ ያህል ነው። ስሌቱ የማንኛውንም ባንክ የብድር ውል የሚያመለክት ሳይሆን የአቅም ወሰን የት ላይ እንደሚያርፍ ለማሳየት የቀረበ ነው። በጎንደር የሚኖር አንባቢ ይህን ገንዘብ በሰፈሩ ለሽያጭ ከቀረበ አነስተኛ ቤት ዋጋ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል።

ንጽጽሩ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራል። በከተማዋ አንድ የጭቃ ቤት ጥሩ ቦታ ላይ ስለተሠራ ብቻ፣ ከከተማው ዳር ከተሠራ አዲስ የብሎኬት ቤት በላይ ዋጋ ሲጠየቅበት ይታያል። ግድግዳው አርጅቷል፣ ጣሪያው ዝጓል፣ ነገር ግን ዋጋው አይወርድም። ይህ የሆነው ገዥው የሚከፍለው ለግድግዳው ሳይሆን በአብዛኛው ግድግዳው ለቆመበት ቦታና ለይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በመሆኑ ነው። ቦታውን የሚሰጠው፣ የሚከለክለው፣ መነሻ ዋጋውን የሚተምነውና ካርታውን የሚያትመው ደግሞ የመንግሥት አካል ነው። ስለዚህ የቤት ዋጋ ጉዳይ ከብሎኬትና ከሲሚንቶ ገበያ ባልተናነሰ የአስተዳደር ውሳኔዎች ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ከብራና እስከ አዋጅ

ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች ወዲህ ቦታ የሚሸጥባትና የሚገዛባት ከተማ እንደነበረች የታሪክ ማስረጃዎች ያሳያሉ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ በጎንደርና በአካባቢው አድባራት ብራናዎች ኅዳግ ላይ የሰፈሩ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የውርስ ጽሑፎችን ለዓመታት አጥንተዋል። በተለይ «ሪም» ተብሎ የሚጠራው የቤተ ክርስቲያን መሬት በግለሰቦች መካከል ይሸጥና ይለወጥ እንደነበር፣ ሽያጩም በምስክሮች ፊት ተፈጽሞ በደብሩ መጽሐፍ ላይ ይመዘገብ እንደነበር ጽሑፎቹ ያስረዳሉ። የዛሬው የይዞታ መዝገብ ቤት ያንን የብራና ኅዳግ ተክቷል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የከተማዋ መልክ ለሁለተኛ ጊዜ የተለወጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን ጎንደርን የአማራ ግዛት መቀመጫ አድርጎ ስለነበር አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ለከተማዋ ፕላን አዘጋጅቷል። ፒያሳና በዙሪያው የሚገኙት የፖስታ ቤት፣ የሲኒማና የመኖሪያ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በኮረብታው ተዳፋት ላይ ለባለሥልጣናት የተሠሩት ቪላዎችና በዝቅተኛው ሥፍራ የነበረው የሕዝቡ ሰፈር የተለያዩ እንዲሆኑ ታስቦ የተነደፈ ፕላን በመሆኑ፣ የትኛው ሰፈር «ጥሩ» የትኛው «ተራ» እንደሆነ የሚገልጸው የዋጋ ልዩነት ከፊሉ ከዚያ ጊዜ የወረደ ነው።

የቤት ባለቤትነትን ከሥሩ የለወጠው ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነበር። አዋጁ የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለውን ቤት ወደ መንግሥት እንዲዛወር አደረገ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚሁ አዋጅ አነስተኛና መካከለኛ ኪራዮች እንደየደረጃቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ እንዲቀነሱ ተደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ።

ለዝቅተኛው ተከራይ አዋጁ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ኪራዩ በብዙ ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት ሳይከለስ በመቆየቱ፣ ቀበሌው ከአንድ ቤት የሚሰበስበው የወር ገንዘብ አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማይበቃበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ባለመሆኑ አያድሰውም፤ ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው አያድሰውም። በጎንደር መሐል ከተማ የሚታዩት ያዘመሙ የቀበሌ ቤቶች የዚህ ሁለት ወገን ስሌት ውጤቶች ናቸው። ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ ተመሳሳይ ገቢ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች ፈጽሞ የማይቀራረብ የቤት ወጪ ያለባቸው መሆኑ ነው። አንደኛው የቀበሌ ቤት የደረሰው፣ ሁለተኛው ዘግይቶ ወደ ከተማው የገባ ነው። የቀበሌ ቤት በድብቅ በገንዘብ የሚተላለፈውም በዚሁ ልዩነት ምክንያት ነው፤ ገዥው የሚከፍለው ለቤቱ ሳይሆን ለርካሹ ኪራይ ነውና።

ሊዝ እና ሁለቱ ገበያዎች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የተጀመረው የሊዝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 272/1994 ተሻሽሎ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተተክቷል። የመጨረሻው አዋጅ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚተላለፍ፣ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት እንደሚደርስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንደማያንስ ደንግጓል።

ከቤት ዋጋ አንጻር ሲታይ በአዋጁ ውስጥ ሁለት ድንጋጌዎች ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው ነባር ይዞታን የሚመለከተው ነው። ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ ይደረጋል። ስለዚህ አያቱ ያወረሱት ሰውና ያንኑ ቤት ከእሱ የገዛው ሰው በአንድ ቦታ ላይ የተለያየ ግዴታ አለባቸው። ገዥው ለሻጩ ከሚከፍለው በተጨማሪ ለመንግሥት የሚከፍለውን ሊዝ ማሰብ ይኖርበታል። ይህን ያላሰበ ገዥ በስም ዝውውር ወቅት ሲደናገጥ መታየቱ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ባዶ ቦታን የሚመለከት ነው። በሊዝ የተወሰደ ቦታ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ቢተላለፍ፣ ባለሊዙ የሚያስቀረው እስካሁን የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ መብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው። የቀረው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ድንጋጌው በባዶ ቦታ መነገድን ለመግታት የታሰበ ነው። በተግባር ግን ቦታው በውክልና ስም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበትና መሠረትና ዓምድ ብቻ የቆመበት ግቢ ለዓመታት የሚቀመጥበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ይህ በጎንደር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአገሪቱ ከተሞች ዳርቻ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ነው።

የጨረታው መንገድ ለደመወዝተኛው ጠባብ ነው። አሸናፊው የሚለየው በአብዛኛው ባቀረበው ዋጋ ሲሆን ቀሪው ነጥብ በቅድሚያ በሚከፍለው ገንዘብ መጠን ይያዛል። ሁለቱም ያለውን የሚመርጡ መስፈርቶች ናቸው። ጎንደር ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ በርካታ ተወላጆች ያሏት ከተማ ናት። ዶላር የሚልክ ተጫራች ባለበት ጨረታ በብር ደመወዝ የሚኖር ተጫራች እኩል ይወዳደራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር የሚገዛው ብር በእጥፍና ከዚያ በላይ ማደጉ የሁለቱን አቅም ይበልጥ አራርቆታል።

ለዚህ ነው የመንግሥት ሠራተኛው ተስፋውን በምደባ፣ ማለትም በመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበራት በኩል በሚሰጥ ቦታ ላይ የጣለው። አባላት ተደራጅተው፣ የግንባታውን ወጪ ከፊል በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው፣ ዕጣ ወጥቶ ቦታ ይረከባሉ። አሠራሩ ቦታውን በመነሻ ዋጋ ስለሚሰጥ በእርግጥም ለደመወዝተኛው የቀረበ ነው። ችግሩ ከዕጣው በኋላ የሚመጣው ነው። ቦታ የሚሰጠው መንገድ፣ ውኃና መብራት ባልደረሰበት የከተማ ዳር ነው። ወረፋው ረዥም በሆነ ቁጥር በዝግ ሒሳብ የተቀመጠው ገንዘብ የሚገዛው ሲሚንቶ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ይሠራል የተባለ ገንዘብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመሠረቱ የማያልፍበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ኮረብታ፣ ግንብና ውኃ

ጎንደር ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ናት። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 112 ሺህ 249 የነበረው ነዋሪዋ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207 ሺህ 44 ደርሷል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ የተጠጋው ሕዝብ ሲሰፋ መሄድ የሚችለው በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ሜዳ ነው። ሥራው፣ ሆስፒታሉና ገበያው ግን ባመዛኙ በላይኛው ከተማ ነው። ከዳር የሚኖረው ሠራተኛ በቤት ኪራይ ያተረፈውን በትራንስፖርት ይመልሰዋል።

በመሐል ከተማ ወደ ላይ መሥራትም ገደብ አለው። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ በዙሪያው የሚሠራ ሕንፃ ግንቡን እንዳይጋርድና የአካባቢውን ገጽታ እንዳያበላሽ መጠንቀቅ ግድ ይላል። የቦታ ተፈላጊነት እጅግ ከፍተኛ በሆነበት ሥፍራ ፎቅ መደርደር አይቻልም ማለት ነው። ቅርሱ በዚህ ረገድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ከተማዋ ከጎብኚው የምታገኘውም በእሱ ምክንያት ነው። በጥምቀት ሰሞን የአንድ ክፍል የአንድ ሌሊት ኪራይ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያውቅ ጎንደሬ፣ አከራዮች ለቋሚ ተከራይ ከመስጠት ለእንግዳ ማዘጋጀትን የሚመርጡት ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. የተፋጠነው የኮሪደር ልማትና የፋሲል ግቢ እድሳትም በመንገዱ ዳር ያሉ ይዞታዎችን ተፈላጊነት ከፍ አድርጓል።

ውኃም የቤት ዋጋ አካል ነው። የከተማዋ ዋነኛ የውኃ ምንጭ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱና ከሕዝቡ ዕድገት ጋር አለመመጣጠኑ ለረዥም ጊዜ ሲነሳ የቆየ ጉዳይ ነው። የቤት ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ከክፍሎቹ ብዛት ቀጥሎ «ሮቶ አለው» የሚል ቃል የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በተከራይ በኩል ደግሞ ፍላጎቱ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች አሉት። ወደ እስራኤል ለመሄድ ከደጋው መንደሮች ወደ ከተማው መጥተው ለብዙ ዓመታት በጠባብ የኪራይ ክፍል ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦችም አሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነትና በኋላም በቀጠለው የጸጥታ ችግር ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ደግሞ በከተማው ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ተጠግተዋል። እነዚህ ሁሉ የሚወዳደሩት ለዚያችው ለአንዲቷ ሰርቪስ ክፍል ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙበት ምክንያት

በ1990ዎቹ ማብቂያ መንግሥት ከአዲስ አበባ አልፎ ጎንደርን ጨምሮ በክልል ከተሞች የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መገንባት ጀምሮ ነበር። ሕጋዊ መሠረቱ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነበር። በወቅቱ የነበረው አሠራር ዕድለኛው 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር በረዥም ጊዜ እንዲመልስ የሚያደርግ፣ ለሴቶችም 30 በመቶ ድርሻ የሚያስጠብቅ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት እንደተገለጸው ግን ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ውጭ እንዲቆም ተደርጓል። ምክንያቱም የቤቱ ጥራት ወይም የሕንፃው ዓይነት ብቻ አልነበረም። በክልል ከተሞች ነዋሪው ቅድመ ክፍያውን ማሟላት አልቻለም፤ ከግለሰብ መከራየትም ከወርኃዊው የብድር ክፍያ ይረክስ ነበር።

ይህ መረጃ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ቤቶቹ ከገበያ ዋጋ በታች የቀረቡ፣ ቦታቸውም ያለሊዝ ጨረታ የተሰጠ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለታሰበላቸው ሰዎች ውድ ነበሩ። ዕጣ ከወጣላቸው ውስጥ ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው በኪራዩ ብድሩን እየከፈሉ እነሱ በርካሽ ሰፈር መኖርን መረጡ። ስለዚህ የገቢን አቅም ሳይለኩ የቤት ቁጥርን ማብዛት ብቻውን ቤቱን ወደ ሌላ እጅ እንደሚያሸጋግር ከጎንደርና ከመሰሎቿ ከተሞች ተሞክሮ መረዳት ይቻላል። ያን ጊዜ የተገነቡት ቤቶች ዛሬ በያዟቸው ሰዎች ዘንድ ውድ ሀብት ሆነዋል፤ ዋጋቸው የናረው ግን ፕሮግራሙ ከቆመና ሌላ ቤት ካልተተካ በኋላ ነው።

ከግጭ ወደ ደባርቅ

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ፣ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በአንዲት ደጋማ ከተማ ሲሰባሰቡ የኪራይ ቤት ፍላጎት በድንገት ጨምሯል። የደባርቅን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ግን ከፓርኩ ውስጥ የተነሱት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ታሪክ ነው።

ግጭ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ገብስ እየዘሩና ከብት እያረቡ የሚኖሩ ከ400 በላይ አባወራዎች የሰፈሩባት መንደር ነበረች። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ስለገባ፣ በፓርኩ ላይ የነበረውን ጫና ለመቀነስ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ካሣ ተከፍሏቸውና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ለቅርሱ ይህ ትልቅ ድል ነው። ከቤት ዋጋ አንጻር ሲታይ ግን የግጭ ገበሬ የተለወጠው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ብቻ አልነበረም። በመንደሩ የነበረው ቤት ከማሳው፣ ከግጦሹና ከማገዶው ተነጥሎ ዋጋ አልነበረውም፤ ጎጆው ብቻ ቢገመት ጥቂት እንጨትና ሣር ነው። በከተማ የተሰጠው ቦታ ደግሞ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ የሚያበላ ማሳ ግን የለውም። የካሣ ገንዘብ በእጁ የገባ አባወራ በአንድ በኩል በየዕለቱ ዋጋው የሚጨምር ብሎኬትና ቆርቆሮ፣ በሌላ በኩል በየዕለቱ የሚያልቅ የቤት አስቤዛ ይጠብቀዋል። ገበሬው ካሣውን በግድግዳ ላይ ካዋለው መተዳደሪያ የለውም፤ በመተዳደሪያ ላይ ካዋለው ግድግዳ የለውም። አንዳንዱ ያገኘው መውጫ ከሠራው ቤት አንድ ሁለት ክፍል ማከራየት ነው፤ ከገበሬነት ወደ አከራይነት መሻገር ማለት ነው።

የደጋውን ቅዝቃዜም ማንሳት ያስፈልጋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፤ ስስ ብሎኬትና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን ሌሊቱን የብርድ ማጠራቀሚያ ይሆናል። በዋጋ ግምት ሠንጠረዥ ላይ ብሎኬቱ ሁልጊዜ ከጭቃው በላይ ይቀመጣል። በደባርቅና በዳባት የሚያድር ሰው ግን ሠንጠረዡን ላይስማማበት ይችላል።

ጎርጎራ፦ ወደቡ ከደከመ በኋላ

ከደጋው ወርዶ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የደረሰ ሰው በጎርጎራ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። ጎርጎራ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን መናገሻ፣ በጣሊያን ዘመን የሐይቅ ወደብ ነበረች። ጎንደርን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ ጭነቱ ከጀልባ ወደ መኪና ተሸጋገረ፤ ወደቡም የቀድሞ ድርሻውን አጣ።

ሥራው የሸሸው የሐይቅ ዳር ከተማ ቤት ምን ያህል ያወጣል የሚለው ጥያቄ በሌላውም ዓለም የሚነሳ ነው። በአሜሪካ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኘው ባፋሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ580 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። የብረት ፋብሪካዎቿና የእህል ማጓጓዣ ወደቧ ከተዳከሙ በኋላ በ2010 ሕዝቧ ወደ 261 ሺህ ወርዷል። በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ባዶ ቀርተው ዋጋቸው ወደቀ። በዚያ ቤት የረከሰው ሰው ስለሄደ ነው።

በጎርጎራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ ከሆነው የ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር ሦስት ፕሮጀክቶች አንዱ እዚያ ተገንብቷል። እንዲህ ያለ ግንባታ በሚተከልበት ሥፍራ የቦታ ዋጋ ከሥራ ዕድሉ ቀድሞ ይነሳል፤ የሚነሳውም በተስፋ ነው። በሐይቁ ዳር ያለ ቦታ ለመኖሪያ የመሰጠቱ ዕድል ደግሞ ጠባብ ነው፤ የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧልና። ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ቀዛፊውና በገበያ የምትውለው እናት የሚከራዩት ክፍል በእንግዳ ማረፊያው ገበያ ሲለካ ገቢያቸው ግን ከዓሣው ጋር ይቀራል።

በዚህ አካባቢ የሚሠሩ የወረዳና የከተማ ባለሙያዎች የሚገጥማቸው ፈተና ሌላም ነው። ዋጋው ከፍ ይላል ተብሎ በሚጠበቅበት ዳርቻ የእርሻ መሬት በድብቅ ተሸንሽኖ ይሸጣል፤ «የጨረቃ ቤት»ም በአንድ ሌሊት ይቆማል። ገዥው ርካሽ ያገኘ ይመስለዋል። ካርታ የሌለው ቤት ግን በባንክ አይያዝም፣ በሕግ አይሸጥም፣ ሲፈርስም የሚከፈለው አጠያያቂ ነው። ገበሬውም መሬቱን ያስረከበው ለልማት ተነሺ ከሚከፈለው ካሣ ያነሰ ወይም የዘገየ ይሆናል ብሎ በመስጋት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተሻሻለው የካሣ ሥርዓት ግምቱ በወቅቱ የገበያ ሁኔታ እንዲመሠረትና ክፍያው ከመነሳት በፊት እንዲፈጸም የሚያዘውም ለዚህ ነው። ካሣው በዘገየበት ቀበሌ የጨረቃ ቤቱ ይበዛል።

ግምትና ውል

የቤት ዋጋ ከእንግዲህ የሻጭና የገዥ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀጥልም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ከተሞች በክልላቸው ውሳኔ መሠረት ከቦታና ከሕንፃ ዋጋ ላይ ታክስ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። ይህን ለመፈጸም ከተማው እያንዳንዱን ይዞታ መመዝገብና መገመት ይኖርበታል። ጎንደርን በመሰለ ከተማ ግምቱ ቀላል አይሆንም። በነባር ይዞታ ላይ ያለ፣ በሊዝ የተያዘ፣ በቀበሌ የሚተዳደር፣ በማኅበር የተሠራና ካርታ የሌለው ቤት በአንድ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይገኛሉና። ግምቱ ግድግዳን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ በፒያሳ ያለው ያረጀ ቤት በጠዳ ካለው አዲስ ቤት ያነሰ ይከፍላል። ቦታውን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ በመሐል ከተማ በጡረታ የሚኖሩ አዛውንት በእጃቸው ያልገባ ሀብት ዕዳ ይሆንባቸዋል።

ተከራዩን የሚመለከተው ሕግ በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይደረግ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በሥራ ላይ ሲውል የሚገጥመው የመጀመሪያ እንቅፋት የሰርቪስ ክፍሎቹ መሆናቸው አይቀርም። ብዙዎቹ ያለግንባታ ፈቃድ በጓሮ የተቀጠሉ ስለሆኑ አከራዩ ውሉን ካስመዘገበ ክፍሉንም አብሮ ማስታወቅ ይኖርበታል። ፈቃድ የሌለው ክፍል ሲመዘገብ እንደሚፈርስ ወይም እንደሚቀጣ የሚያምን አከራይ ደግሞ ተከራዩን በቃል ውል ማስቀመጥን ይመርጣል።

በክፍለ ከተማ ደረጃ ያሉ የቤቶችና የይዞታ ባለሙያዎች ከዚህ ጋር በተያያዘ የሚያጋጥማቸው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ በጓሮ የተሠራውን ክፍል በደረጃው አይቶ ሕጋዊ ማድረግ፣ ወይስ በፈቃድ ጉድለት ከመዝገብ ውጭ ማቆየት። በጎንደር ስድስቱ ክፍለ ከተሞች፣ በአራዳ፣ በማራኪ፣ በፋሲል፣ በዞብል፣ በጃንተከልና በአዘዞ ጠዳ፣ የጀማሪው ባለሙያ የወር ኪራይ ስንት እንደሚሆን ከአንድ የጨረታ ዋጋ ይልቅ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።